የኋላ መብራት የሚበራው ለኋለኛው ሰው ነው፦ "በስፕሬይ አጥቁሩት" ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ባለመኪኖች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። የመኪናን የኋላ መብራት ቤት ውስጥ በጥቁር ስፕሬይ ስለማጥቆር ነው። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደርሶኛል፤ አንዳንዱ "ያዋጣል ወይ?" ብሎ ሊጠይቀኝ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጣሳውን ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ እንጀራዬ ስለሆነ አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ አልሆነልኝም። ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ሥራውን በገዛ እጃቸው እንደሠሩትም ያስታውቃል። መደምደሚያው ግን ስህተት ነው፤ የስህተቱን ዕዳ የሚከፍለውም ብዙ ጊዜ ጽሑፉን ያላነበበ ሰው ነው።

መጀመሪያ የተባለውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው የሚሉት ስድስት ነገር ነው። ሥራው ቀላልና ርካሽ ነው፤ አንድ ጣሳ ስፕሬይ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ግማሽ ቀን ይበቃል። ብርሃኑ አይጎዳም፤ እንዲያውም ቀን ላይ ከጥቁር መደብ ላይ ሲበራ የበለጠ ይለያል፣ ደግሞም ከኋላ መስታወቱ ውስጥ ሦስተኛው የፍሬን መብራት አለ። ፋብሪካዎችም ጠቆር ያለ መብራት ያመርታሉ፤ እነሱ ያደረጉትን እኛ ብናደርገው ነውር የለውም። ብርሃኑ ቀነሰብኝ ለሚል ሰው ኤልኢዲ አምፖል አለለት። ያልወደደው ሰው በቲነር ጠርጎ ያስለቅቀዋል። በመጨረሻም፣ በዚህ ጉዳይ ትራፊክ ሲያስቆም አልታየም፤ መኪናውም የራስ ንብረት ነው።

በቅደም ተከተሉ እሄዳለሁ። ሁለተኛው ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነውና።

"ቀላልና ርካሽ ነው" በሚለው ላይ ብዙ ክርክር የለኝም። ሽፋኑን በሳሙና እጠቡ፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካችሁ ፈትጉት፣ ቀለሙን ባንዴ አታልብሱት፣ ስስ አድርጋችሁ እየረጫችሁ በየመሀሉ እንዲደርቅ ጠብቁ የሚለው ምክር ትክክል ነው። የኋላ ማርሽ መብራቱን በፕላስተር ሸፍናችሁ ሳትነኩ ተዉት ማለታቸውም ያስመሰግናቸዋል፤ ብዙ ሰው እሱንም ጨምሮ ነው የሚያጠቁረው።

ከምክሮቹ መካከል ሁለቱ ግን አደገኛ ናቸው። አንደኛው "አቧራ እንዳይገባ በርና መስኮት ዝጉ" የሚለው ነው። ከጥቁሩ በላይ እንዲረጭ የሚመክሩት ማጠንከሪያ የተቀላቀለበት ክሊር (ቀለም አልባው የመጨረሻ ሽፋን) አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። ይህ ነገር አስም ያስነሳል፤ አንዴ ሰውነቱ የተቆጣበት ሰው ከዚያ በኋላ በጥቂቱም ይታመማል። አፍና አፍንጫ ላይ የምናስረው ተራ ማስክ አያግደውም። ልጆች በሚያድሩበት ቤት፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መርጨት በምንም ሒሳብ ርካሽ አይባልም።

ሁለተኛው ይብሳል። "የደሴ ብርድ ጣሳውን ስለሚያደክመው ከከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀምጣችሁ አሙቁት" ይላል። ብርድ የጣሳውን ግፊት እንደሚቀንስ እውነት ነው፤ ጸሐፊው ይህን ማስተዋላቸው ልምድ እንዳላቸው ያሳያል። ነገር ግን ቀለሙን ገፍቶ የሚያወጣው ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ ወጥ የምንሠራበት የሲሊንደር ጋዝ ራሱ ማለት ነው። ጣሳዎቹ ላይ ከ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ለሆነ ሙቀት እንዳይጋለጡ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ፍም አጠገብ የተቀመጠ ጣሳ ሊፈነዳ ይችላል፤ ባይፈነዳ እንኳ ክፍሉ ውስጥ የተረጨው ትነት ፍሙ ጋ ሲደርስ እሳት ይይዛል። የቀዘቀዘን ጣሳ ለማነቃቃት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ማቆየት ይበቃል። ደግሞ ደሴ ላይ ቀለም የሚያበላሸው ብርዱ ብቻ መስሎ መታየት የለበትም። ጉም ባለበት ቀን የተረጨ ቀለም፣ ቲነሩ ሲተን ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩን እርጥበት ይስብና ወተት የፈሰሰበት መስሎ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ "ብርሃኑ አይጎዳም" ወደሚለው።

ጸሐፊው ያቀረቡት ማስረጃ አንድ ነው። ሥራውን ጨርሰው ማታ ግቢያቸው ውስጥ ከመኪናው ኋላ ቆሙ፣ ሌላ ሰው ፍሬን ረገጠላቸው፣ መብራቱ በደንብ በራ። በጨለማ ግቢ፣ ከጥቂት እርምጃ ርቀት፣ ፍሬን ሊረገጥ መሆኑን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ማንኛውም መብራት በደንብ ይበራል። መንገድ ላይ ያለው ሰው ከእነዚህ ሦስቱ አንዱንም አያገኝም። ቀን ነው፣ ሩቅ ነው፣ መቼ እንደምትረግጡም አያውቅም።

ቁጥሩን እንየው። እኛ ጋ በሚበዙት መኪኖች የኋላ መብራት ውስጥ ያለው አምፖል ሁለት ክር አለው። አንደኛው ክር 5 ዋት ነው፤ ማታ መብራት ስናበራ ይበራል። ሁለተኛው 21 ዋት ነው፤ ፍሬን ስንረግጥ ይበራል። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 7 መሠረት ማታ የሚበራው የኋላ መብራት በቀጥታ ወደ ኋላ ቢያንስ 4 ካንዴላ (ካንዴላ የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው) መስጠት አለበት፤ ከ17 ካንዴላም መብለጥ የለበትም። የፍሬን መብራት ደግሞ ቢያንስ 60 ካንዴላ መስጠት አለበት። ይህ ልዩነት ታስቦበት የተሠራ ነው። ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የሚበሩት ከአንድ ሽፋን ውስጥ ነው። ከኋላ ያለው ሾፌር "መብራት አብርቶ እየሄደ ነው" የሚለውን "እየቆመ ነው" ከሚለው የሚለየው በድምቀቱ ነው።

ስፕሬዩን እንጨምርበት። "ሦስት ዙር ሲሆን ያምራል" የተባለው ጥቁረት ምን ያህል ብርሃን እንደሚያሳልፍ አልተለካም፤ ከጣሳ ጣሳ፣ ከእጅ እጅም ይለያያል። ለስሌት ያህል ሩቡን ያሳልፋል እንበል። 60 ካንዴላ የነበረው የፍሬን መብራት 15 ይሆናል። 15 ካንዴላ ደግሞ፣ ባልተቀባ መኪና ላይ፣ ማታ ዝም ብሎ ለሚበራ መብራት የተፈቀደ ድምቀት ነው። በሌላ አነጋገር እናንተ ፍሬኑን እስከ ወለል ረግጣችሁት ከኋላችሁ ያለው ሰው የሚያየው መብራቱን አብርቶ የሚጓዝ መኪና ነው። 4 የነበረው ደግሞ 1 ይሆናል። ግማሹን ያሳልፋል ብንል እንኳ 30 እና 2 ነው፤ ሁለቱም ከዝቅተኛው ልክ በታች። አዲስ መብራት ከዝቅተኛው ልክ በላይ ስለሚሰጥ ትንሽ መቀነስ ይችል ይሆናል ብሎ የሚከራከር ሰው ይኖራል፤ ልክ ነው፣ ይችላል። ነገር ግን ጋራዥ የሚመጡልኝ መኪኖች አብዛኞቹ ያገለገሉ ናቸው። ሽፋናቸውን ፀሐይ መትቶታል፣ ውስጣቸው አቧራ ገብቶ የሚያንጸባርቀው ገጽ ደብዝዟል፣ ሶኬታቸው ዝጎ አምፖሉ ሙሉ ኃይል አያገኝም። የሚቀነስላቸው ትርፍ ብርሃን የላቸውም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት ሌላ ነገር አለ። የኋላ መብራቱን ሽፋን ጠጋ ብላችሁ ብታዩ አንድ ጥግ ላይ ከውስጥ በኩል በጥቃቅን ማዕዘናት የተሞላ ቁራጭ ታገኛላችሁ። ከውጭ ሲዳሰስ ለስላሳ ነው፤ የእጅ ባትሪ ሲበራበት ግን ቦግ ይላል። አንጸባራቂው ይህ ነው። አምፖል የለውም፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ከኋላ የሚመጣውን መኪና የፊት መብራት ተቀብሎ ወደመጣበት ይመልሳል። ብርሃኑ በሽፋኑ ውስጥ ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ ሲገባ አንዴ፣ ሲወጣ አንዴ። ስለዚህ ቀለሙ ግማሽ የሚያሳልፍ ከሆነ ከአንጸባራቂው የሚተርፈው ሩብ ነው። ቀለሙ ሩብ የሚያሳልፍ ከሆነ ደግሞ የሚተርፈው ከአሥራ ስድስት አንድ እጅ ነው። ይህን ያህል የቀነሰ አንጸባራቂ ሽፋኑ ላይ ኖረ አልኖረ አንድ ነው።

ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደውን መንገድ ሌሊት የነዳ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። የጅቡቲ ጭነት የሚመላለስበት መንገድ ነው፤ ተሳቢ ከተሳቢ ይከታተልበታል። ባትሪው የሞተ መኪና መንገድ ዳር ሲቆም ረዳቱ ወርዶ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል። ድንጋይም ቅጠልም አያበራም። ከኋላ ለሚመጣው ሾፌር ቀድሞ የሚታየው ያ ትንሽ ቀይ አንጸባራቂ ነው።

"ቀን ላይ የበለጠ ይለያል" የሚለውን ግን ሙሉ በሙሉ አልክድም። ፀሐይ በቀጥታ የኋላ መብራቱን ስትመታው ሽፋኑ ራሱ የበራ ይመስላል፤ ፍሬን ሲረገጥ ለውጡ አይታወቅም። የተቀባ ሽፋን ላይ የፀሐዩ ብርሃን ገብቶ ሲመለስ በቀለሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለሚያልፍ በብዙ ይቀንሳል፤ የአምፖሉ ብርሃን ግን የሚያልፈው አንዴ ብቻ ነው። በመሆኑም በበራውና ባልበራው መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። ቅርብ ሆኖ ለሚያይ ሰው ጸሐፊው ያሉት ትክክል ነው። ርቀቱ ሲጨምር ግን ዓይን ጋ የሚደርሰው የብርሃን መጠን ራሱ ያንሳል፤ ያን ጊዜ የሽፋኑ መጥቆር የሚያግዘው ነገር የለም። ደግሞም ቀን ላይ ይህን ጥቅም የሰጠው ያው የሁለት ጊዜ ማለፍ ሌሊት አንጸባራቂውን የሚገድለው ነው። አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መተው አይቻልም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት እናስብ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በሁለቱ መካከል ያለው ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይህን ሁሉ ከፍታ እየተጠማዘዘ ይወርደዋል። በክረምት ጠዋት ፒያሳ ላይ ሰማዩ ገለጥ ብሎ ተነስታችሁ ሐረጎ ላይ ስትደርሱ ጉሙ ይውጣችኋል። ከፊታችሁ ያለው መኪና አካሉ ቀድሞ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ታርጋው ይጠፋል፤ የሚቀሩላችሁ ሁለት ቀይ ነጥቦች ናቸው። እነሱን ይዛችሁ ነው የምትወርዱት።

ጉም ብርሃንን በየሜትሩ እየቀነሰው ስለሚሄድ፣ ግማሽ ብርሃን ማጣት መብራቱ የሚታይበትን ርቀት በግማሽ አያሳጥረውም። የሚወስደው ጥቂት ሜትር ነው። ጉም ውስጥ ግን በእጃችን ያለው ሁሉ ጥቂት ሜትር ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ያቺን ያህል ዘግይቶ ያያችሁ ሾፌር የተቀማው ሙሉ ሰከንድ ነው። ያ ሾፌር ደግሞ የጫነ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ወይም ባለተሳቢ ሊሆን ይችላል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይዞ የሚወርደው ብልህ ሾፌር ፍሬኑን እየቆጠበ ነው፤ ያልቆጠበው ደግሞ ፍሬኑ ግሎበት እንደልቡ አልይዝ ይለዋል። ሁለቱንም የሚያድናቸው ከፊታቸው ያለው መኪና መቆሙን ቀድመው ማወቃቸው ነው። ኩርባ ላይ ባጃጅ ገብታባችሁ ፍሬን ስትረግጡ ያ ሰው እናንተን የሚያነባችሁ በዚያ መብራት ብቻ ነው።

ሦስተኛው የፍሬን መብራት አለ የሚለው መከራከሪያ ጥሩ ይመስላል። መብራቱ ጠቃሚ መሆኑም እውነት ነው፤ አሜሪካ ከ1986 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ አስገድዳለች፣ በኋላም የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቷ ባደረገው ጥናት ከኋላ የመጋጨት አደጋን በ4.3 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ነገር ግን ያ ውጤት የተገኘው ሁለቱ የጎን መብራቶች ሙሉ ሆነው ሦስተኛው ሲጨመርባቸው ነው። በዚያ ላይ ሦስተኛው መብራት የሚበራው ፍሬን ሲረገጥ ብቻ ነው፤ ሌሊት ዝም ብላችሁ ስትሄዱም ሆነ ቆማችሁ ሳለ ስለእናንተ የሚናገረው ነገር የለም። በከተማችን የሚሠሩትን አሮጌ ቶዮታ ዲኤክሶች ካየንማ ጭራሽ የላቸውም።

አንድ ደንበኛ አንዱን ጎን ቀብቶ ሌላውን ሳይጨርስ ጋራዥ መጥቶ ነበር፤ ፍሬቻው አልሠራ ብሎት ነው የመጣው። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ፀሐይ አለ። "አብሽር፣ ትንሽ ነው የቀነሰው" አለኝ። እኔ መሪው ላይ ተቀመጥኩና "ወንድሜ፣ አስፋልቱን ተሻገርና አንተው እየው" አልኩት። ፍሬኑን ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ። ያልተቀባው ጎን በእያንዳንዱ ጊዜ ቀልቶ ይመለሳል። የተቀባውን ለማየት እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰገግ ማድረግ ነበረበት። ፍሬቻውን ስንሠራው ደግሞ ብርቱካናማው ብርሃን ጭቃ መስሎ ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ የጠየቀኝ እንዴት እንደሚነሳ ነው። ይህን ሙከራ ማንም ሰው በነፃ ማድረግ ይችላል፤ ጸሐፊውም ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

"ፋብሪካም ይሠራዋል።" አዎ፣ ይሠራዋል። ፋብሪካው ግን ጥቁረቱን ከመጀመሪያው አስቦ ነው የሚነሳው። የአምፖሉን ጉልበትና የውስጡን አንጸባራቂ ገጽ በዚያ ልክ ይሠራል፣ ከዚያ ሽፋኑ ተገጥሞበት እንዳለ ያስለካዋል። ጠቆር ያለ መብራት ያላቸውን አዳዲስ መኪኖች ብትመለከቱ አንጸባራቂው ብዙ ጊዜ ወደ ታች ፓራውልቱ ላይ ወርዶ፣ ምንም ሳይቀባ፣ ንጹሕ ቀይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሽፋኖች ላይም ክብ ውስጥ የላቲኑ ኢ ፊደልና ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። ቁጥሩ ማረጋገጫውን የሰጠው አገር ነው፤ 1 ጀርመን፣ 43 ጃፓን ነው። ምልክቱ የሚመሰክረው ሽፋኑ ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ ፈተናውን ማለፉን ነው። ከላዩ ሦስት ዙር ጥቁር የተረጨበት ሽፋን ያ የተፈተነው ሽፋን አይደለም።

"ኤልኢዲ አምፖል ይክሰዋል።" ኤልኢዲ አንድ የማይካድ ብልጫ አለው። ባለ ክር አምፖል ሙሉ ብርሃኑ ላይ ለመድረስ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ ከ3 ሜትር በላይ ነው፤ ቀላል አይደለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የድሮው መብራት ውስጠኛ ገጽ የተቀረጸው ብርሃኑ ከአንዲት ትንሽ ክር እንደሚወጣ ታስቦ ነው። በየጎኑ ነጠብጣብ የተደረደረበት አምፖል ሲገባበት ብርሃኑ ወደፈለገበት ይበተናል፤ ቅርብ ሆኖ ሲታይ ያንጸባርቃል፣ ቀጥታ ወደ ኋላ የሚሄደው ግን ሊያንስ ይችላል። ገበያ ላይ የሚበዛው ነጭ ኤልኢዲ ነው፤ ቀይ ሽፋን ደግሞ የሚያሳልፈው ቀዩን ብቻ ነው፣ ነጭ ኤልኢዲ ውስጥም ቀይ ብርሃን ጥቂት ነው። መቀየር ካስፈለገ ቀይ ሽፋን ውስጥ ቀይ ኤልኢዲ ይግባ። ርካሾቹ ላይ ከዚህ የባሰ ነገር አይቻለሁ፤ ማታ የሚበራውና በፍሬን የሚበራው ድምቀት እምብዛም አይለያይም። ፍሬቻ ላይ ሲገቡ ደግሞ አምፖሉ የሚስበው ኃይል ስለሚያንስ ፍሬቻው አምፖል የተቃጠለበት ይመስል ይቸኩላል።

አንዳንዱ ኤልኢዲውን ትቶ ከፍ ያለ ዋት ያለው አምፖል ያስገባል። ጥቁር ቀለም ያላሳለፈው ብርሃን የትም አይጠፋም፤ ሙቀት ሆኖ ሽፋኑ ላይ ይቀራል። ከአምፖሉ ፊት ለፊት አብጦና ተጣሞ የመጣ ሽፋን አይቻለሁ። አንጸባራቂውን ደግሞ ምንም አምፖል አይክሰውም።

"በቲነር ይለቃል" የሚለው ብዙ ሰው የሚያታልል ነው፤ ምክንያቱም ቀለሙ እውነትም ይለቃል። ሽፋኑ ግን አብሮ ይሄዳል። አብዛኛው የኋላ መብራት ሽፋን አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ አክሪሊክ ቲነርና አሴቶን ጠላቱ ናቸው። በቲነር የተጠረገ ሽፋን በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ብርሃን ብታዞሩት መጀመሪያ ንጹሕ ይመስላል። ትንሽ ሰያፍ ስታደርጉት ከብሎኖቹ አካባቢ የሚነሱ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይታያሉ፤ ጥፍር አይይዛቸውም፣ ውስጥ ለውስጥ ናቸው። ከጊዜ በኋላ በኮረኮንች ሲንገጫገጭና ውሃ ሲያገኘው በዚያው መስመር ይከፈታል፤ ዝናብ ይገባል፣ ሶኬቱ ይዝጋል፣ መብራቱ አንድ ቀን ጨርሶ ይጠፋል። ቀለሙን ማንሳት የሚፈልግ ሰው ትዕግሥት አድርጎ በውሃ ይፈትገው። 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 1500፣ ቀጥሎ 2000፣ በመጨረሻ ፖሊሽ። ክንድ ያደክማል፣ ሽፋኑን ግን አይሰነጥቀውም።

የሕጉን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ተሽከርካሪ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት በየዓመቱ ይመረመራል፤ ቦሎ የምንለጥፈው ለዚህ ነው፣ መብራትም ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት የኋላ ቀይ መብራት ጥርት ባለ ሌሊት ቢያንስ ከ300 ሜትር እንዲታይ ይጠይቃል። ትራፊክ ሲያስቆም አላየሁም ማለት ግን በሕግ ተፈቅዷል ማለት አይደለም፤ አደጋ ደርሶ "ፍሬን ሲረግጥ አላየሁም" የሚል ሾፌር ሲመጣ መብራቱ መጀመሪያ የሚታይ ማስረጃ ይሆናል። "የራሴ ንብረት ነው" ለሚለውም፣ መኪና ላይ ባለቤቱ እየነዳ ሊያየው የማይችለው፣ ሙሉ በሙሉ ለሌላ ሰው የተገጠመ ዕቃ ቢኖር የኋላ መብራት ነው።

ጽሑፉ ሥር ብዙ ሰው የደገፈው አንድ አስተያየት አለ፤ "ጭራሽ መብራት የሌለው ከባድ መኪና በሚነዳበት አገር በእኛ ቪትዝ ላይ ምን አነታረካችሁ?" የሚል። ንዴቱ ይገባኛል። አንድ ጎኑ የጠፋ ተሳቢ፣ ጭቃ የሸፈነው መብራት፣ በሶኬት መዛግ ምክንያት ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻ የሚያበራ ሚኒባስ በየቀኑ እናያለን። እነሱም ይሠሩ፤ በዚያ ጉዳይ አስተያየት ሰጪው ጎን ነኝ። ነገር ግን ያ ሾፌር መብራቱ የጠፋው ቸል ብሎ ወይም ገንዘብ አጥሮት ነው። እኛ ደህናውን መብራት ገንዘብ አውጥተን፣ ግማሽ ቀን ደክመን ነው የምናደበዝዘው።

ውበት ለሚፈልግ ሰው መንገድ አይጠፋም፤ መኪናን ማሳመር የሚያስደስት ነገር ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ከፋብሪካው ጠቆር ብሎ ለዚያው ሞዴል የተሠራና ማረጋገጫ ያለው መብራት ከተገኘ እሱን መግጠም ይቻላል። በመብራቱ ዙሪያ ያለውን የአካል ክፍል ወይም የሽፋኑን ብርሃን የማያሳልፍ ጠርዝ ማጥቆር ሙሉው የጠቆረ ያህል መልክ ይሰጣል፤ ብርሃን አይነካም። ፀሐይ ያነጣውን ሽፋን ፈትጎ ፖሊሽ ማድረግ ብቻውን መኪናውን በዓመታት ያድሰዋል። ለሠርግ አጀብ ወይም ለፎቶ ከሆነ የሚለጠፍና የሚላጥ ጥቁር ፕላስቲክ አለ፤ ፎቶው ሲያልቅ መንገድ ከመውጣት በፊት ይላጥ።

ቀድሞ የረጨ ሰው ደግሞ በዚህ ሳምንት የመንገዱን ማዶ ሙከራ ያድርግ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ባለበት፣ ሌላ ሰው ፍሬን እየረገጠለት፣ ያልተቀባ ተመሳሳይ መኪና አጠገብ አቁሞ። ቢያንስ አንጸባራቂውን፣ ፍሬቻውንና የፍሬኑን መብራት የያዘውን ክፍል ፈትጎ ይክፈት።

ጸሐፊውን የምለምናቸው አንድ ነገር አለ። ስለ ብርሃኑ ባንስማማም ግዴለም፣ መልስ ቢጽፉልኝ አነባለሁ፣ እንከራከራለን። ጣሳውን ከከሰል ምድጃ አጠገብ አሙቁ የሚለውን መስመር ግን ዛሬውኑ ያውጡልን፤ ያ ጽሑፍ አሁንም ከስልክ ወደ ስልክ እየሄደ ነው።